ከመሪጌታው ቅል

ከምሠራበት ላቦራቶሪ ይዘው የወሰዱኝ ነጭ ጋዋኔን እንደለበስኩ ነው። «የጻፍከውን አንተው ታውቀዋለህ» አሉኝ፤ ከዚያ ወዲያ የጠየቀኝ የለም። ያሰሩኝ ወረታ ዳር ባለ አሮጌ የሩዝ መጋዘን ውስጥ ነበር። ወለሉ ላይ የቀረው ገለፈት ላብ ባለው ገላ ላይ ይጣበቃል፤ በግድግዳው ሥር የክረምቱ ውሃ ይገባል።

ለአሥራ አንድ ሰው አንዲት ጣሳ ነበረችን። አሥራ ሁለተኛው አንድ የቅኔ መሪጌታ ናቸው፤ እሳቸው በራሳቸው ቅል እንጂ አይጠጡም፣ ቅሏንም ለማንም ሰጥተው አያውቁም።

አንድ ጠዋት ከቁሐር ሚካኤል የመጣው ገበሬ በትኩሳት ነደደ። አንገቱ ግራና ቀኝ አብጧል፤ ምራቁን መዋጥ አቃተው። ከሐሙሲት የመጣው ነጋዴ ጣሳዋን ብድግ አደረገና፣

«ነቀርሳ ነው፣ ቲቢ! ለጠባቂው እንንገርና ያውጣልን» አለ።

የሚወጣ ሰው የት እንደሚገባ እናውቃለን። ከጀርባ ያለችው ክፍል ውሃ እስከ ቁርጭምጭሚት ቆሞባታል። በዚያ ትኩሳት እዚያ ቢያድር ይሞታል።

አንገቱን ዳሰስኩ፤ ጉሮሮውን አየሁለት።

«እንደ እኔ ግምት ተራ ቫይረስ ነው» አልኩ። «በምራቅ ይተላለፋል። አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ይይዘውና ሳያውቀው እስኪሞት አብሮት ይኖራል። እኔም ሳይኖርብኝ አይቀርም፤ አንተም።»

ነጋዴው ከእኔም ራቅ አለ።

«እንዴት ሳናውቀው?» አሉ መሪጌታው።

«የኔታ፣ የሚገባው ከበሽታ ከሚጠብቀን የደም ሴል ውስጥ ነው። አይገድለውም፤ ጠባዩን ይለውጠዋል። ተማሪ ሳለሁ በብልቃጥ ያደገ እንዲህ ያለ ሴል አይቻለሁ፤ ማርጀት ትቶ ዝም ብሎ ይባዛል። ሰውነታችን ውስጥ ግን ሌሎች ሴሎች እያሳደዱ ይይዙታል። የዚህ ሰው እብጠት ያ ትግል ነው።»

«ማርጀት ተወ?»

«ተወ፣ የኔታ።»

የገበሬውን አንገት ትክ ብለው አዩት። «ይህን ሁሉ ጉድ ተሸክመን ነው እርሻ የምንወርድ፣ ቅኔ የምንቆጥር? ዕፁብ ነው!»

እኔም ገና ያን ጊዜ ገባኝ። ስንቴ በማይክሮስኮፕ አይቼ መዝግቤ ያለፍኩት ነገር ሰው ሆኖ ገለፈት ላይ ተኝቶ ያቃስታል።

ነጋዴው ግን ጣሳዋን አልለቀቀም። «ካወቅህ ከእሱ በኋላ ጠጣና አሳየን!»

እጄን ወደ ጣሳዋ ዘርግቼ መለስኩ። ግምቴ ቢሳሳትስ? ነቀርሳ ቢሆንስ? ፈራሁ። ገበሬው ፍርሃቴን አየና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መሪጌታው ቅላቸውን ሞሉ። የገበሬውን ራስ ደገፍ አድርገው አጠጡት። ከዚያ አማትበው እሳቸው ጠጡና ወደ እኔ ዘረጉ፤ «እንካ፣ ልጄ።»

ጠጣሁ። ነጋዴው ጥቂት አየንና ጣሳዋን ከገበሬው አጠገብ መለሳት። ለጠባቂው የነገረ የለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ እብጠቱ ጎደለ።

ዛሬ ተፈትቼ ሥራዬ ላይ ነኝ። ያን ቫይረስ የሚያሳድደው ተለቅ ያለ ሰማያዊ ሴል በማይክሮስኮፕ ሲገጥመኝ አሁንም እደነቃለሁ፤ ወዲያው አልፌው አልሄድም። ቫይረሱ በእኔም ደም ውስጥ አለ። ሙያዬ «በልጅነትህ ነው የያዘህ» ይለኛል፤ እውነቱም ይኸው ነው። ለሚጠይቀኝ ሰው ግን ከመሪጌታው ቅል ነው እላለሁ።