ከወረታ ሳንነሳ የታየው ጎማ

የኋላው ጎማ ተሰንጥቆ ሽቦው ገጥጦ አየሁት። ያን ሁሉ ሰው ጭኜ ልነሳ ነበር!

ዛሬ ጠዋት መኪናዬን ስፈትሽ ትዝ ብሎኝ ነው። በደርግ ጊዜ ከወረታ ደብረ ታቦር አውቶቡስ እነዳ ነበር።

የዚያን ቀን ሞተሩን እንዳስነሳሁ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ወደ መስኮቴ ቀረቡና «ልጄ፣ ጎማውን አይተኸዋል?» አሉኝ።

«ትናንት አይቼዋለሁ፣ መሪጌታ።»

«እኔስ ትናንት ዳዊት ደግሜአለሁ ብዬ ዛሬ እተዋለሁ?»

አፍሬ ወረድሁ። ሽቦውን ያየሁት ያኔ ነው።

ጎማውን ስቀይር «ዘገየን» እያለ ያጉረመርም የነበረው ተሳፋሪ፣ አሮጌውን ሲያይ ለመሪጌታ የፊቱን ወንበር ለቀቀላቸው።

የደብረ ታቦርን ዳገት በሰላም ወጣን። ከዚያ ወዲህ ጎማ ሳላይ ተነስቼ አላውቅም።

እናንተንስ በሰዓቱ ገሥጾ ያተረፋችሁ ማን ነው? እስቲ አጫውቱኝ።