ምግብ የተውኩበት የኦስሎ ብርድ

ዛሬ እዚህ ኦስሎ፣ ላምበርትሴተር ገበያ ውስጥ አልማዝን ከስንት ዓመት በኋላ አገኘኋት። ገና ሳንሳሳም «በልተሻል?» አለችኝ። ሰው መሃል ሳቄ አመለጠኝ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ሃውገሩድ የሚባል ሰፈር አንድ ቤት ተጋርተን እንኖር ነበር። ሁለታችንም ጽዳት ነበር የምንሠራው፤ እሷ ጠዋት፣ እኔ ከሰዓት።

አንድ ዓመት በብርዱ ወራት ያለ ምክንያት ማልቀስ ጀመርኩ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አልማዝን በትንሹም በትልቁም እቆጣታለሁ። ሥራዬንም ልለቅ ቆርጬ ነበር።

ሐኪም ዘንድ ሄጄ «ልቤ ከብዶኛል» ስላት፣ «ዛሬ ምን በላሽ?» አለችኝ።

«ቡና ጠጣሁ።»

«ትናንትስ?»

«ዳቦ በአይብ። ቆሜ።»

ቀጠሮ ሰጠችኝ። እስከዚያው ግን በቀን ሁለቴ ትኩስ ምግብ፣ ከተቻለም ከሰው ጋር እንድበላ ነገረችኝ። ተናድጄ ወጣሁ። እኔ ስለ ልቤ አወራታለሁ፣ እሷ ስለ ሆዴ!

አልማዝ ስትሰማ ግን «እውነቷን ነው» ብላ ሽሮ ጣደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራዋ እየሮጠች መጥታ፣ እኔ ሥራ ሳልገባ አብረን እንበላ ነበር። (ሽሮዋ ጨው ይበዛዋል። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።)

ከሳምንታት በኋላ እንቅልፌ ተመለሰ፣ ቁጣዬም በረደ። ሐዘኑ በምግብ ብቻ አልለቀቀኝም፤ ሐኪሟ ጋ ለወራት ተመላልሻለሁ። የምመላለስበትን አቅም ያገኘሁት ግን ከአልማዝ ጋር ከበላሁ በኋላ ነው። ሥራዬንም አልለቀቅኩም።

እናንተስ ሲከፋችሁ መጀመሪያ የምትተዉት ምንድን ነው? ማንስ አስተዋለላችሁ? እስቲ ጻፉልኝ።