የሞተችው አህያና የታሂር ተራ

ታሂር ጎሊና ወንዝ ዳር ከሰፈረ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው፤ ከሞተች አህያ ጋር መጎራበት ከጀመረ ደግሞ ስድስተኛው። እንዲህ ያለ ጎረቤት ለጠላትም አይስጥ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በቆቦ ቆላ ማሽላን የሚያጠጣው ደጋ ላይ ዘንቦ በወንዙ የሚወርደው ደራሽ ጎርፍ ነው። ጎርፉ ሲመጣ ባለተራው የቦዩን አፍ ከፍቶ ውሃውን ወደ ማሳው ይጠልፋል። ቦዩ አፍ ላይ ካልተገኘ ግን ተራው ለቀጣዩ ያልፋል፤ አሞኝ ነበር፣ ሰው ሞቶብኝ ነበር ብሎ ነገር የለም። አምና ታሂር ዋጃ ለቅሶ ደርሶ ሲመለስ ጎርፉ አልፎ ጠበቀው። ማሽላው ሳያፈራ ለከብት ታጨደ፤ ቤተሰቡም በዘመድ እህል ከረመ። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው የሰው እህል ሲሰፈርለት አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። ዘንድሮም ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ቅጠሉ በውሃ ጥም መጠቅለል ጀምሯል።

‹‹ወላሂ፣ ዘንድሮ ከዚህ የሚያነሳኝ ሞት ብቻ ነው!›› ብሎ ከቦዩ አፍ አጠገብ፣ ከአንዲት ግራር ሥር የላስቲክ ዳስ ወጠረ።

ሞትም መጥቶ አጠገቡ ተኛ። ሰኞ ዕለት ቦይ የማይሞላ ትንሽ ጎርፍ ወረደና የማን እንደሆነች የማትታወቅ ለጋ አህያ ከዳሱ በታች ጥሎለት ሄደ። ማክሰኞ ሆዷ ተነፋ። ረቡዕማ፣ ኧረ ያ ሽታ! ቂጣው ውስጥ አለ፣ የሚጠጣው ውሃ ውስጥ አለ፣ ጉሮሮው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ሊቀብራት ቢቆፍር ዶማው ድንጋይ እየመታ ነጠረ። ጅብ ይወስዳታል ብሎ ቢጠብቅ፣ ጅቦቹ እሳቱን ፈርተው ከሩቅ ሲያጉረመርሙ አደሩ። እሳቱን እንዳያጠፋ ደግሞ፣ የሞተች አህያ ጅብ አትፈራም ይባላል፤ ታሂር ግን አልሞተም፣ ጅብ ይፈራል። እሳቱን እያነደደ፣ ሽታውን እየማገ ነጋለት።

ሚስቱ ጀዊሪያ በየቀኑ ምሳ ታመጣለች፤ ግን ከሠላሳ እርምጃ ወዲህ አትቀርብም። ሰሃኑን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ፣ አፍንጫዋን በሻሿ ይዛ ትጮሃለች።

‹‹አንተ ሰውዬ፣ ስለ አላህ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ቤትህ እደር!››

‹‹ጎርፉ እስክመለስ ይጠብቀኛል?››

‹‹እንግዲያው ጎትተህ አርቃት! ላግዝህ ብልማ ገና ሳልደርስ አንጀቴ ነው የሚወጣው።››

አንድ እፍኝ አሪቲ ድንጋዩ ላይ ትታለት ሄደች። ታሂር የአሪቲውን ቅጠል በሁለቱም አፍንጫው ወትፎ በአፉ መተንፈስ ያዘ። ለሶላት ሲቆም እንኳ ልቡ አህያዋ ጋ ነው። አስተግፊሩላህ! ዙሪያው ሜዳ ሆኖ ሳለ፣ የታሰረ ያህል ጨነቀው።

ዛሬ ቅዳሜ ቆረጠ። ነፋሱ የሚነሳው በምሥራቅ፣ ከዞብል ተራራ በኩል ነው። አህያዋን ከዳሱ በስተምዕራብ ቢያደርጋት ሽታውን ነፋሱ ይዞለት ይሄዳል። እግሮቿን በገመድ አስሮ፣ እያስመለሰውና እያረፈ፣ በደረቁ የወንዝ ሆድ ላይ እስከ ቀትር፣ እስከ ዙሁር ሶላት ጎተታት። ከቦዩ አፍ መቶ እርምጃ ያህል ወደ ላይ አድርሶ ጣላት። ተመልሶ ሲቀመጥ ንጹሕ ነፋስ ፊቱን ነካው።

‹‹አልሐምዱሊላህ!›› አለና አሪቲውን ከአንዱ አፍንጫው አወጣ፤ የሌላውን ረሳው። ጀዊሪያ ያመጣችለትንም ምሳ ጥርግ አድርጎ በላ። ምስኪን! ዘጠኝ ቀን ሙሉ ውሃ ሲጠብቅ የከረመ ሰው ነፋሱን አስቦ ውሃውን ረሳ። ጎሊና የሚወርደው ከምዕራብ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ወንዙ ከላይ አጓራ። ታሂር አካፋውን ይዞ የቦዩን አፍ ከፈተ። ጎርፉ ቀልቶ፣ ጉቶና ቅርንጫፍ እየገፋ መጣ፤ ከጉቶው ሁሉ ፊት አህያዋ ነበረች። ተንከባለለች፣ ዞረች፣ ከዚያ ሰተት ብላ ገብታ የቦዩ አፍ ላይ ተሰነቀረች። ውሃው እሷን እየመታ ወደ ታች ነጎደ። ታች ደግሞ ቀጣዩ ባለተራ ገዛኸኝ በራሱ ቦይ አፍ ላይ ቆሟል።

‹‹ታሂር! ልክፈት?›› ብሎ ጮኸ።

‹‹አንዴ ጠብቀኝ!››

‹‹እኔ ብጠብቅህ ውሃው አይጠብቅህም እኮ ወንድሜ!››

በአካፋው ቢገፋት ሥጋዋ ውስጥ ገባ እንጂ አላነቃነቃትም። ታሂር የተጠቀለለው ቅጠል ታየው። የሚሰፈርለት የሰው እህል ታየው። ‹‹ያ ረቢ!›› ብሎ አካፋውን ወረወረና ዘሎ ገባ። ስድስት ቀን ሙሉ የሸሻትን አህያ አንገቷን አቀፈ። ደረቱን ደረቷ ላይ፣ ጉንጩን ጉንጯ ላይ ለጥፎ፣ ቆዳዋ በእጁ እየተገፈፈ፣ እንደ ሕፃን እያለቀሰ ታገላት። በመጨረሻ ከሥሯ ውሃ ሾልኮ ሲያነሳት ባለ በሌለ ኃይሉ ገፋት። ጎርፉ ይዟት ሄደ፤ ውሃውም እየጮኸ ወደ ታሂር ቦይ ገባ።

ጀዊሪያ የጎርፉን ድምፅ ከቤቷ ሰምታ እየሮጠች ደረሰች። ባሏ ቦዩ ዳር ጭቃ ላይ ተቀምጧል።

‹‹አትቅረቢ! ገምቻለሁ!›› አላት።

ጀዊሪያ ሠላሳውን እርምጃ ሳትቆም አለፈችው። ሻሿን ከራሷ አውርዳ ፊቱን ጠረገችለት፤ ከግራ አፍንጫው የቀረውን አሪቲ በጣቷ ሳበችው።

‹‹ተነስ፣ ቤት እንሂድ። ውሃ አሙቄ ልጠብህ።››

‹‹ማሳው ሳይጠግብ አልነሳም።››

ጀዊሪያ የሚፈሰውን ውሃ አየች፤ ባሏን አየች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ጭቃው ላይ ከጎኑ ጥግት ብላ ተቀመጠች።