ባለ ብረት ፊቱ ሰውዬ እና የጊፋታ ሠንጋችን

በሕይወቴ ያየሁት ፊልም አንድ ነው፤ እሱንም ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ቪዲዮ ቤት የገባሁት ጀሪካኔን ፍለጋ ነበር።

ደርግ ወድቆ ሶዶ ውስጥ ሁሉም ሰው ነጋዴ ልሁን ያለበት ዘመን ነው። ከቤታችን በታች፣ ወደ ኦቶና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የበቆሎ መጋዘን የነበረ የጭቃ ቤት ነበር። አንድ ነጋዴ በቆሎውን አስወጥቶ አግዳሚ ወንበር ደረደረበት፤ መስኮቱን በጥቁር ላስቲክ ሸፈነ፤ ቴሌቪዥንና ዴክ አስገባና ቪዲዮ ቤት ብሎ ሰየመው። በቆሎ በነበረበት ጊዜ አይጥ ያስቸግረን ነበር። ከዚያ ወዲህ ተኩስ ሆነ። ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ስለሰቀለው፣ እኔ ጓሮዬ የቦዬ ተክሌን ስኮተኩት አሜሪካ ውስጥ ሰው ይሞታል። በጸሎት ቤታችን ቪዲዮ ቤት መግባት ኃጢአት ነው ተብሎ ተሰብኳል፤ ስለዚህ ወጣቶቹ ከስብከቱ በኋላ ነበር የሚገቡት።

ማይክ የሚይዘው የልጅ ልጄ ነበር። ማትሪክ ወድቆ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ነጋዴው አስተርጓሚ አድርጎ ቀጠረው። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ሲያወራ እሱ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ግማሹን በወላይትኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ይናገራል። እንግሊዝኛ የጣለው ልጅ እንግሊዝኛ እንዴት ያስተረጉማል ብዬ ብጠይቅ የሚመልስልኝ ጠፋ።

በዚያ ዓመት ሰውን ሁሉ ያሳበደው ፊልም መጀመሪያ የሥዕል መጽሐፍ ነበር አሉ። ነጋዴው መጽሐፉን ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ገጾቹን እየገነጠለ በሩ ላይ ለጠፋቸው። ታሪኩ የአንድ በያጅ ነው። ሽፍቶች ሚስቱንና ልጆቹን ገደሉበት፤ ዳኛው ሽፍቶቹን ለቀቃቸው፤ እሱም የብየዳ መከለያ ብረቱን ፊቱ ላይ አጥልቆ ከተማውን እየዞረ ሌባ ያለውን ሁሉ ይገድላል። በሥዕሉ ላይ ሰዎቹ የሚናገሩት ቃል ከአፋቸው እንደ ጢስ በሚወጣ ነጭ ክብ ውስጥ ተጽፏል። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ ተምሬያለሁ፤ የፈረንጅ ፊደል ግን አልተማርኩም። ቢሆንም አንድ ነገር ታዘብኩ። የባለ ብረት ፊቱ ሰውዬ ክብ ትልቅ ነው፣ በጽሑፍ የተሞላ። የሚመቱት ሰዎች ክብ ውስጥ ግን አንዲት ቃል ብቻ ናት። ምን ትላለች ብዬ የልጅ ልጄን ጠየቅሁት።

«አአአ ነው የምትለው» አለኝ።

ያኔ የጊፋታ ቅርጫ ሠንጋችን እኛ ጓሮ ታስሮ ነበር። ጊፋታ ለወላይታ የዓመት መለወጫ ነው፤ ሰፈሩ አዋጥቶ ሠንጋ ይገዛል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ የበርበሬ ዳጣው ተዘጋጅቶ ሥጋው ይጠበቃል። የእኛን ሠንጋ ከሁምቦ፣ ከተበላ ገበያ ነበር የገዛነው። ቀይ ነው፣ ሻኛው እንደ ትራስ። ጓሮዬ ሰፊ ስለሆነ እኔ ጋ ይቀለብ ተባለ። ማለዳ የምቀልበው እኔ፣ ማታ ከእንሰቱ ሥር የሚያስረው የልጅ ልጄ።

በዓሉ ሲቃረብ አንድ ቀን ማለዳ የስኳር ድንች ሐረግ ተሸክሜ ብሄድ ካስማው ብቻውን ቆሟል።

ሰፈሩ ተሰበሰበ። ሰው ሲሰበሰብ ሌባ መጥፋቱ አይቀርም፤ ማለቴ ሌባ መገኘቱ። አንዱ ጎረቤት፣ ንጋት ላይ ሸክላ ሠሪው እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ከታች ሲወጣ አይቼዋለሁ አለ። ሸክላ ሠሪው ከሰፈሩ ጫፍ ከሚስቱ ጋር የሚኖር ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። እሱ አፈሩን ቆፍሮ ያመጣል፣ ሚስቱ ትሠራለች፣ ሁለቱ ተሸክመው ይሸጣሉ። ሸክላ ሠሪዎች ከእኛ ጋር አይበሉም ይባላል፤ ይህ ማለት እኛ ከእነሱ ጋር አንበላም ማለት ነው። በጸሎት ቤት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ወንድሜ እንለዋለን፤ ቅርጫ ሲመጣ ግን ስሙ አይጠራም። ሥጋው ስለማይደርሰው ሠንጋው ያስቀናዋል አሉ። ነገሩ እንዲህ በቀላሉ ተሰካክቶ ሳየው ደስ አላለኝም።

ጭቃ የሌለበት ሸክላ ሠሪ የት ታውቃላችሁ አልኳቸው። ደግሞስ እሱን ራሱን የጠየቀው አለ? ሌባማ አልሰረቅሁም ነው የሚለው አሉኝ። ያልሰረቀውስ ምን እንዲል ነው የምትፈልጉት ብል፣ እርጅና ነው በሚል ዓይን አዩኝ።

ቀጥሎ የጠፋው ጀሪካኔ ነው። ቢጫ የዘይት ጀሪካን፣ ጎኑ ተቀዶ በቀለጠ ላስቲክ የተለበጠ። ውኃ ልቀዳ ብፈልገው የለም። ከጎረቤት ብዋስ እሷም ጠፍቶባታል። ከወዲያ ያለችውም እንደዚያው። ሠንጋ የሚሰርቅ ሌባ ለሠንጋው ውኃ መቅጃም ሰረቀ እንዴ እያልኩ ወደ ደጄ ስወጣ፣ በመንገዱ ዳር ቢጫ የላስቲክ ቁራጭ ተበታትኖ አየሁ። ቁርጥራጩን እየተከተልኩ ወረድኩ። ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ አለቀ።

እሁድ ከሰዓት ነው። ባለቤቱ ሊያስከፍለኝ አፉን ከፈተና ፊቴን አይቶ ዘጋው። ውስጡ ጨለማ፣ የእግር ሽታ፣ ሰው በሰው ላይ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ባለ ብረት ፊቱ ሰውዬ አንዱን ድልድይ ሥር አንበርክኮታል። የልጅ ልጄ ማይኩን አፉ ውስጥ ሊከተው ምንም አልቀረው፤ «ሌባ ነህ! የሰው ንብረት በልተሃል! ፖሊስ ቢለቅህ እኔ አልለቅህም!» ይላል። የተንበረከከው ሰውዬ ሁለት እጁን ዘርግቶ እያለቀሰ ረጅም ንግግር ተናገረ። የልጅ ልጄ ያን ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያ ሰውዬ ምን አለ?» አልኩ።

ድምፄን ሲሰማ ደነገጠ። «ምንም አላለም፣ እማማ።»

«አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁት እኮ።»

«አአአ ነው የሚለው።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔ ግን ቆሜ ነበር፤ ቆሜ ነገር ከጀመርኩ አልቀመጥም። «ምን ሰርቆ ነው?»

«ሌባ ነው አልኩሽ።»

«በምን አወቅህ?»

«ከፊቱ ያስታውቃል።»

ማይኩን አላጠፋውም ነበርና ይህን ሁሉ መንገደኛው ሰማው። ባለ ብረት ፊቱ ሰውዬ ግን እኔን አልጠበቀም፤ ተኮሰ። በዚያ ብልጭታ የወጣቶቹን ጉልበት አየሁ። በያንዳንዱ ጉልበት ላይ ለሁለት የተቆረጠ፣ ሁለት የዓይን ቀዳዳ የወጣለት ጀሪካን። ከፊት ባለው ወንበር ላይ፣ ከልጅ ልጄ ሹራብ ጎን፣ የተለበጠው የእኔው ነው። ከወንበሮቹ ሥር ደግሞ የዶማና የመጥረቢያ እጀታ ተደርድሯል።

ባለቤቱ ዴኩን አቆመው። የት ልትሄዱ ነው ብዬ ብጠይቅ አንዱ ረጅም ልጅ፣ የአናጢው ልጅ፣ ለእርስዎው ሠንጋ ነው የምንደክመው አለኝ። ሸክላ ሠሪውን ፖሊስ ቢይዘው በማግስቱ ይፈታዋል አለ። ለፖሊስ ተነግሮ ነበር ወይ አልኩ። አልተነገረም። ፖሊስ ያልያዘውን ሰው ፖሊስ ለቀቀው ብለው ሊደበድቡት ነው።

የዶማ እጀታውን አንስቼ መዘንኩት። ሸክላ ሠሪው ከዚህ እጀታ ብዙም የማይወፍር ሰው ነው። አንድ ሰው ሊሞት ነው፤ የልጅ ልጄ ደግሞ ነፍሰ ገዳይ ሊሆን ነው። ብከለክላቸው እኔ ስተኛ እንደሚሄዱ አውቃለሁ። ስለዚህ አልከለከልኳቸውም።

«አብረን እንሄዳለን» አልኳቸው። «ሠንጋው የጠፋው ከእኔ ጓሮ ነው፤ ፊት የምሄደው እኔ ነኝ። ጭንብላችሁንም አጥልቁ።»

እንደዚያ ያለ ሰልፍ ሶዶ አይቶ አያውቅም። ፊት እኔ በምርኩዜ፣ ኋላ ቢጫ ፊቶች በጠራራ ፀሐይ። እኔ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው፤ ስለዚህ እነሱም ቀስ አሉ። በፊልሙ ባለ ብረት ፊቱን ሰውዬ ማንም አያውቀውም። የእኛዎቹን ግን ሁሉም በሱሪያቸው ያውቃቸዋል። አንዷ ቆሎ ሻጭ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ፣ «አንተ የአናጢው ልጅ፣ አባትህ ተሻለው?» አለች።

«ተሽሎታል፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ከጀሪካኑ ውስጥ።

ሸክላ ሠሪው ቤት ስንደርስ ሚስቱ ሸክላ እያቃጠለች ነበር። ባልየው እኛን ሲያይ አልሮጠም፤ ከእሳቱ ጎን ቆሞ ቀረ። ሚስቱ መጥታ ፊቱ ቆመች። እኔ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩና ይህ ጉታራ ነው አልኩ። ጉታራ አባቶቻችን ነገር የሚሰሙበት ሸንጎ ነው፤ በወላይታ ምድር ጉታራ ከተባለ ዱላ መሬት ላይ ይጋደማል፣ የተከሰሰው ሳይናገር ነገር አይቆረጥም። የሚያስቀምጡት ወንዶች ሽማግሌዎች እንጂ አሮጊት አይደለችም፤ ሽማግሌዎቹ ግን ያን ሰዓት እንቅልፍ ላይ ነበሩ። ጉታራ ላይ የተሸፈነ ፊት አይናገርም ብል ጀሪካኖቹ አንድ በአንድ ወለቁ። ፊታቸው በላብ ርሷል፤ የአንዱ ግንባር ላይ የዘይት ቅሪት ያብለጨልጫል።

ከዚያ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቅሁ። በዚያ ንጋት የት ነበርክ?

አፈር ሊቆፍር ወርዶ እንደነበር ተናገረ። መንገድ ላይ ሠንጋ አይተሃል ወይ አልኩት። አዎን አለ፣ ቀዩን ሠንጋ አየሁት፤ ገመዱን እየጎተተ ብቻውን ወደ ተበላ ይወርድ ነበር፤ ቸኩሏል።

ቤታቸው የናፈቃቸው ከብቶች መንገድ ማንም አያሳያቸውም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ በእኛ ሠንጋ ላይ ሲሆን ነው የጠፋብን። የልጅ ልጄ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ገመዱን እያየ አስሮት እንደሆነ ብጠይቀው፣ ያን ማታ ፊልሙ ሊጀምር ስለነበር ጠምጥሞ ብቻ መሮጡን አመነ።

ሸክላ ሠሪውን ግን አልለቀቅሁትም፤ እኔ ስጠይቅ ለሁሉም እኩል ነው። «ለምን አላስቆምከውም ታዲያ?»

«እማማ» አለኝ፣ «የእናንተን የቅርጫ ሠንጋ ገመድ ይዤ ንጋት ላይ ብታገኙኝ ምን ትሉኝ ነበር?»

ልክ ነህ አልኩና ቀጠልኩ።

«ሠንጋው ጠፋ ሲባልስ? ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

በማግስቱ ወጣቶቹ በሚኒባስ ተበላ ወረዱ። ሠንጋው የድሮ ጌታው በረት ገብቶ ያመሰኳል። ሻጩ ሐቀኛ ሰው ነበር፤ በገበያ ቀን መልእክት ሊልክብን ነበር አለ። ሠንጋ ሚኒባስ አይሳፈርምና ሽቅቡን በእግራቸው ይዘውት ተመለሱ። የልጅ ልጄ ጫማውን እጁ ላይ ይዞ ነው የገባው።

ሽማግሌዎቹ ነቅተው ስለነበር ነገሩን እነሱ ጨረሱት፤ እኔ የተናገርኩትን በወፍራም ድምፅ ደገሙት። ወጣቶቹ ለሸክላ ሠሪዎቹ አፈር እንዲሸከሙ ተፈረደ። ጊፋታ ሳይገባ እርቅ ይሁን ተባለ። እርቅ ከሆነ ሰውየው ቅርጫው ላይ ይቀመጥ ስል ግን ሳል በዛ። ባህላችን ነው አሉኝ። ጀሪካን ፊት ላይ ማጥለቅስ የማን ባህል ነው አልኳቸው። ሰባኪያችን በክርስቶስ ሁላችን አንድ ነን አለ፤ አንድ መሆናችንን በምግብ ሰዓት ሲናገር ያን ቀን መጀመሪያ ሰማሁት። የሰውየው ዕጣ ከሌሎቹ ጋር ገባ፤ ዕጣውም ሻኛ ያለበትን መደብ አወጣለት። እስከ ዛሬ ዕጣውን አሮጊቷ ናት ያደረገችው የሚሉ አሉ። እኔ አላደረግሁም፤ ባደርገው ኖሮ ለራሴ ነበር።

ፊልሙን ሁለተኛ ያየሁት በጊፋታ ሳምንት ነው። ሸክላ ሠሪው ቪዲዮ ቤት ገብቶ አያውቅም ነበር። አሁን አፈር ተሸካሚዎቹ ጋበዙት፤ እኔም ሰው እንዳይጎሽመው ብዬ አብሬ ሄድኩ። ከፊት አስቀመጡን። ሰውየው ኮቱን ቆልፎ፣ ጉልበቱን ገጥሞ፣ ፍርድ ቤት እንደቀረበ ሰው ተቀመጠ።

የልጅ ልጄ በዚያ ቀን አተረጓጎሙ ተለውጦ ነበር። አንዱ ሲመታ፣ ያን ቀን ቦምቤ ከተማ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ነበር ይላል፤ ሌላው ጎረቤቴን ጠይቁልኝ ይላል። ሕዝቡ ግራ ተጋብቶ ይተያያል። ባለ ብረት ፊቱ ሰውዬ ግን ሁሉንም ሰምቶ እንዳልሰማ ይተኩሳል።

ድልድዩ ሥር ደረስን። ያ ሰውዬ ተንበረከከ፣ እጁን ዘረጋ፣ አለቀሰ። የልጅ ልጄ ወደ እኔ አየና ማይኩን ዝቅ አድርጎ፣ «ማን ጠየቀኝ? ይላል» አለ።

አግዳሚው ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ከጎኔ ሸክላ ሠሪው ብድግ ብሏል።

«ይዋሻል!» አለ። «በለው!»

የኮቱን ጫፍ ይዤ ጎትቼ አስቀመጥኩት። ምን ሆነሃል አልኩት። እሱ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለም፤ ፊቱ እንደ ሕፃን ፈክቷል።

«እማማ፣ ይሄኛው እኮ እውነተኛ ሌባ ነው።»

«በምን አወቅህ?»

«አያዩትም እንዴ?» አለኝ። «ከፊቱ ያስታውቃል።»