ለአንድ ጠዋት ፕሬዝዳንት

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ለአንድ ጠዋት የአንድ አገር ፕሬዝዳንት ነበርኩ። አገሩ ስም አልነበረውም። የዜግነት ትምህርት መምህራችን ስም እንዳናወጣለት ከልክለውን ነበር፤ ምን ብትሉት ሰው የፈለገውን አገር ያስብበታል አሉ። ጠቅላይ ሚኒስትር እንዳይኖረው ያደረጉትም እሳቸው ናቸው። «መጽሐፋችሁ ላይ ፕሬዝዳንታዊ ሥርዓት የሚባል ምዕራፍ አለ፤ የምንሠራው እሱን ነው» ብለው ደጋግመው ነገሩን። ገባን። ቆቦ ውስጥ በየትኛው ጉዳይ ድምፅ ከፍ፣ በየትኛው ዝቅ እንደሚደረግ የማያውቅ ተማሪ አልነበረም።

ርዕሱን ግን ደፍረው መረጡት፦ የኑሮ ውድነትና የመሪ ኃላፊነት። የብር ዋጋ በወረደ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ሳሙናው በየሳምንቱ ዋጋ ይቀይራል። የባጃጅ ሹፌሩ በነዳጅ ያመካኛል፣ ሽንኩርት አምራቹ በማዳበሪያ፣ ጅምላ አከፋፋዩ በዶላር። ቴሌቪዥን ላይ የሚቀርቡት ደግሞ በነጋዴው ያመካኛሉ። የተማሪዎች ፓርላማችን ስለዚህ ጉዳይ ወላጆችና እንግዶች በተገኙበት ሊከራከር ነው ሲባል ትምህርት ቤቱ በሙሉ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ተወ።

ለፕሬዝዳንትነት አራት ተወዳደርን። ሰንደቅ ዓላማው ፊት ቆመን በሚኒ ሚዲያው ማይክ ሦስት ሦስት ደቂቃ ተናገርን። ያሸነፍኩት ድምፄ ወፍራም ስለሆነ ይመስለኛል፤ ማይኩ ሲቋረጥ እንኳ እኔ እስከ በሩ እሰማለሁ። ሁለተኛ የወጣችው አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ ነበረች። ወላጆቿ በሮቢት በኩል ሽንኩርት የሚያመርቱ ገበሬዎች ናቸው፤ እሷ ከእህቷ ጋር ቆቦ ቤት ተከራይታ ትማራለች። መምህራችን የተቃዋሚዎች መሪ አደረጓት። በዚያው ቀን ደብተሯን ከእኔ አርቃ መጻፍ ጀመረች። ምን እንደምትጽፍ ስጠይቃት ፕሬዝዳንት ተቃዋሚ ምን እንደሚያዘጋጅ አይጠይቅም አለችኝ።

እንዲህ በደስታ ተሞልቼ ሳለሁ ነው የአባቴ ሱቅ የታሸገው።

ለምሳ ወደ ቤት ስመለስ በሩ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። አባቴ አጠገቡ ባለው የልብስ ሰፊው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። ከንግድ ጽሕፈት ቤትና ከቀበሌ የመጡ ሰዎች ጓዳ ገብተው የዘይት ጀሪካን አግኝተዋል። ከፊት ያለው መደርደሪያ ላይ ግን ለሁለት ሳምንት ዘይት አልነበረም። እናቴ ጎረቤት ነው የጠቆመብን እያለች አንዱንም ሌላውንም ትጠረጥራለች። እኔም ጠቋሚውን ለማወቅ ጓጉቼ ነበር። አባቴ ግን ከአስር ሰላት በኋላ ጠራኝና እውነቱን ራሱ ነገረኝ። የደሴው አከፋፋይ ደውሎ አዲሱ ዋጋ እስኪነገርህ አትሽጥ ብሎታል፤ እሱም ሽጦ ቢጨርስ በዚያው ብር ግማሹን እንኳ መተካት እንደማይችል አስልቶ ወደ ጓዳ አስገብቶታል። «ደብቄዋለሁ» አለኝ። «ሰው ቢጠይቅሽ አልደበቀም እንዳትይ።»

ይህን በልቤ ይዤ ነው በጨዋታው የሦስት ዓመት ፕሬዝዳንት ሆኜ የማቀርበውን ሪፖርት የጻፍኩት። የመጀመሪያው ረቂቅ ሦስት ገጽ ነበር። ካለፈው መንግሥት የወረስነው ብልሹ አሠራር፣ በሌሎች አገሮች ጦርነት የናረው የነዳጅ ዋጋ፣ የዝናቡ መዛባት፤ ሁሉንም አሳምሬ ደረደርኩት። ስለ ነጋዴ ግን አንዲት ቃል አልጻፍኩም። መምህራችን ረቂቁን ወስደው ለምክትል ርዕሰ መምህሩ አሳዩ። በማግስቱ ሲመልሱልኝ በሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ አንድ አንቀጽ ተጨምሮበታል። «ይሄም ይግባበት ተብሏል» አሉኝ። ማን እንዳለ አልነገሩኝም፤ ዓይናቸውም እኔ ላይ አልነበረም። የአባቴ ሱቅ መታሸጉን ያውቃሉ፤ ቆቦ ትንሽ ከተማ ናት። አንቀጹን አነበብኩትና ወረቀቱን አጥፌ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት። እምቢ ማለት ይቻል እንደሆነ እንኳ አላሰብኩም። የሚያስጨንቀኝ ፕሬዝዳንትነቱን ይወስዱብኛል የሚለው ብቻ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ማሽላ የሚቆረጥበት ሰሞን ስለሆነ የገጠር ወላጆች አይመጡም ብለን ነበር፤ እነሱ ግን ቀድመው መጥተው የፊት ወንበሮችን ያዙ። አዳራሹ ሞልቶ ተማሪው መስኮት ላይ ተንጠለጠለ። ከዞብል ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ አቧራውን በበሩ ያስገባል፤ ማንም በሩን አልዘጋም፣ ቢዘጋ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ከወረዳ የመጡ አንድ ኃላፊ መሐል ላይ ተቀመጡ። አባቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው። ሱቁ ዝግ ስለሆነ የሚቀርበት ምክንያት አልነበረውም፤ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ነበር የመጣው።

አፈ ጉባኤው ስሜን ሳይሆን ማዕረጌን ጠርቶ አስነሳኝ። ያለፈው መንግሥት ጥፋት ነው ስል ጭብጨባ መጣ። የነዳጅ ዋጋ ነው ስል ባጃጅ የሚነዱ ወላጆች ከኋላ «ልክ ነው» አሉ። ዝናቡ ነው ስል ገበሬዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሮሮ ከእኔ አፍ ሲሰማ ፊቱ ይፈካል። ጣት መቀሰር እንደዚያ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር። ድምፄ እየወፈረ፣ እጄም ከወረቀቱ እየተነሳ ሄደ። እውነቱን ልናገርና እዚያ ላይ ደስታዬ ወደር አልነበረውም።

በዚያው ግለት የተጨመረው አንቀጽ ላይ ደረስኩ። ላቆም እችል ነበር፤ አላቆምኩም። «ምርት ደብቀው በሕዝብ ችግር የሚከብሩ ስግብግብ ነጋዴዎች» ብዬ አነበብኩ፤ «የማያዳግም እርምጃ ይወሰድባቸዋል።» ከሁሉም የሚበልጠው ጭብጨባ ያን ጊዜ ሆነ። ሰው ከመቀመጫው ተነሳ። ሦስተኛውን ረድፍ አየሁ። ግራና ቀኙ የተቀመጡት እያጨበጨቡ ስለሆነ አባቴም አጨበጨበ፤ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ መለሰ።

የቀረውን እንዴት አንብቤ እንደተቀመጥኩ አላስታውስም። የተቃዋሚዎቹ መሪ ስትነሳ ነው የነቃሁት። ደብተሯን ገልጣ ነበር፤ ከዚያ ዘጋችው።

«ክብርት ፕሬዝዳንት፣ ያለፈውን መንግሥት ጥፋት ሰምተናል። የነዳጁን፣ የዝናቡንና የነጋዴውንም ሰምተናል» አለች። «በዚህ ወንበር ሦስት ዓመት ተቀምጠዋል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የእርስዎ ድርሻ የትኛው ነው?»

ወረቀቴን ገለባበጥኩ። ሦስቱም ገጽ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። መምህራችንን አየኋቸው፤ ጫማቸውን ያያሉ። አፈ ጉባኤው መልስ እንድሰጥ አስታወሰኝ። ተነሳሁና ወረቀቱን ወንበሩ ላይ ትቼ ወደ ማይኩ ሄድኩ።

«ዋጋው እንደሚለወጥ ቀድሜ አውቅ ነበር፤ ፕሬዝዳንት ነኝና» አልኩ። «ለሕዝቡ ግን አልነገርኩም። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚከብድ፣ ማን እንደሚጎዳ አልተናገርኩም። ነጋዴው ነገ የሚሆነውን ስላላወቀ ፈርቶ ዘይቱን ጓዳ አስገባ። ገዢውም ፈርቶ አንድ የሚበቃው ሦስት ገዛ። ነጋዴው መደበቁ ጥፋት ነው፣ ይጠየቅበት። ከእሱ በፊት ግን የደበቅኩት እኔ ነኝ። እሱ የደበቀው ዘይት ነው፤ እኔ የደበቅኩት እውነቱን ነው።»

ማንም አላጨበጨበም። ከመስኮቱ ላይ አንድ ተማሪ ወደ ውስጥ ሊወድቅ ደርሶ ያዙት። ደረቴ ውስጥ ግን ከጭብጨባው ጊዜ የበለጠ ነገር ይዘል ነበር፤ ከአፌ የወጣውን እኔም ከእነሱ እኩል ነበር የምሰማው።

ተቃዋሚዋ አልለቀቀችኝም። ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው የሚለውን በአንቱታ አስተካክላ ጠየቀችኝ። በየሳምንቱ እዚህ ምክር ቤት መጥቼ የማውቀውንም የማላውቀውንም እናገራለሁ፣ ከቀረሁ አውርዱኝ አልኩ። እሷም ጥፋትዎን ካመኑ ሳምንት መጠበቅ አያስፈልግም ብላ የመተማመኛ ድምፅ ይሰጥ ስትል ጠየቀች። በፕሬዝዳንታዊ ሥርዓት እንዲህ ያለ ድምፅ የለም፤ መጽሐፉ ላይም እንደዚያ ይላል። አፈ ጉባኤው ግራ ገብቶት ወደ መምህራችን ዞረ። እሳቸው በጠዋቱ ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው «በእኛ አገር አለ» አሉ።

እጅ ወጣ። አንድ ጊዜ ተቆጠረ፣ እኩል ነው ተባለ፣ እንደገና ተቆጠረ። በሁለት ድምፅ ልዩነት ወደቅኩ። ተተኪዬ የሆነችው ጓደኛዬ ወደ ፕሬዝዳንቱ ወንበር መጥታ ማይኩን ያዘችና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ካለፈው መንግሥት የተረከብነው ችግር ከባድ ቢሆንም» ብላ ጀመረች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷ መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ፊቷን በደብተሯ ሸፈነች። የገጠር ወላጆች እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የወረዳው ኃላፊም ሳቁ፤ ከዚያ ዙሪያቸውን አየት አድርገው ሳቃቸውን ሰበሰቡ። በር ላይ እጄን ጨብጠው ንግግር እንደምችል ነገሩኝ። ከመምህራችን ጋር ግን ራቅ ብለው ለረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። የሚቀጥለው የፓርላማ ርዕስ የአካባቢ ጽዳት እንደሆነ በማግስቱ ተለጠፈ።

ከአባቴ ጋር በዋናው መንገድ ዳር ዳሩን ይዘን በእግር ተመለስን። የማሽላ አገዳ የጫኑ ግመሎች በፊታችን ያልፋሉ። ይቆጣኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ወሬውን የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ አንቀጹ የእኔ እንዳልነበረ ነገርኩት።

«አውቄዋለሁ» አለ። «አንቺ እንደዚያ አትጽፊም።»

«ግን አነበብኩት፣ አባ።»

«አነበብሽው» አለ። ትንሽ ከሄድን በኋላ ቆመ። «ያኛውን ያላነበብሽውን ግን ከየት አመጣሽው? እኔ እንደፈራሁ ያወቀ ሰው የለም ብዬ ነበር።»

እሱ ራሱ ደብቄዋለሁ ያለኝ ቀን ፊቱ ላይ እንዳየሁት ነገርኩት። ሳቅ አለና ራሱን ነቀነቀ። ቤት እስክንደርስ ስለ ሁለቱ ድምፅ ነበር የጠየቀኝ፤ እነማን እንደከዱኝ ማወቅ ፈልጎ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከማንም ጋር ሳይማከር ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አቤቱታ ጽፎ ነበር፤ ሁለቱም የዋጋውን መናር፣ አከፋፋዩንና ጎረቤቱን የሚከሱ ነበሩ። በዚያ ቀን ያስገባው ግማሽ ገጽ አይሞላም። ዘይቱን ደብቄያለሁ፣ ያደረግኩት ስለፈራሁ ነው፣ ቅጣቴን ልቀበልና ሱቄ ይከፈት ይላል። ሊፈርሙበት የወሰዱት ሠራተኛ እንዲህ ያለ ማመልከቻ አይተው እንደማያውቁ ነግረውታል። ቢሆንም ወዲያው አልከፈቱለትም፤ ከአሥር ቀን በላይ አመላለሱት፣ ቀጡትም፣ ዘይቱንም በድሮው ዋጋ እንዲሸጥ አስፈረሙት።

የተከፈተ ዕለት ሰልፉ እስከ ልብስ ሰፊው ቤት ደረሰ። እኔ ከትምህርት ቤት ሮጬ መጥቼ ጀሪካኖቹን ከጓዳ ወደ ፊት አወጣ ነበር። አንዲት ከጎብዬ የመጡ እናት ተራቸው ሲደርስ እስከዛሬ የት ነበር ብለው ጠየቁት። በሰልፉ ያለው ሰው ሁሉ መልሱን ለመስማት ጠጋ ጠጋ አለ። አባቴ እጁን በፎጣ ጠረገና፦

«እኔው ጋ ነበር፣ እናቴ፤ አጥፍቻለሁ፣ አፉ በሉኝ» አላቸው።

እሳቸውም አላህ አፉ ይበልህ ብለው፣ የሞላሁላቸውን ጀሪካን ከፍ አድርገው በፀሐዩ አዩትና ጎናቸው የያዙትን ባዶ ጠርሙስም በደንብ እንድሞላላቸው ሰጡኝ።