በገበታው ላይ የቀረው ዜማ

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። የመጀመሪያዋ የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ እንግሊዝ አገር ተወልደው ቶሮንቶ ያረጁ፣ ክሬሰንት ታውን ውስጥ ከእኔ ቤት በሦስተኛው በር የሚኖሩ ባልቴት። መስኮቱ ሥር ባለው አረንጓዴ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን በብርድ ልብስ ሸፍነዋል። ሁለተኛው መሪጌታ ናቸው፤ አገር ቤት ዘጠኝ ዓመት ዜማ ቤት የተቀመጡ፣ እዚህ የተማሪዎች አውቶብስ የሚነዱ። ካፖርታቸውን አላወለቁም። ሦስተኛው የወሎው ጓደኛዬ ነው፤ ፓርክዴል ይኖራል፣ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፣ መንዙማ ሲያወጣ ድምፁ ግድግዳ ያሞቃል። ከሺፍት በቀጥታ ስለመጣ የሥራ ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲው ቆሟል። አራተኛው እኔ ነኝ፤ መጽሐፉን ይዣለሁ።

እኔ ቀን ቀን ዳንፎርዝ ላይ ስልክ መሸጫ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ፤ በተረፈኝ ሰዓት ያረጁ መጻሕፍት እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም። የመርፌ አያያዙን ከቪዲዮ፣ የሙጫውን ውፍረት ደግሞ ከራሴ ስህተት ተማርኩት። ሰዎች የተበጣጠሰ ዳዊት፣ ቅጠሉ የወለቀ ቁርኣን፣ የሟች አባት ማስታወሻ ያመጡልኛል። ጎረቤቴ ያወቁኝ ሊፍት ውስጥ ነው። ሁለት ጣውላና አንድ የብረት ማጥበቂያ ተሸክሜ ሲያዩኝ፣

«ምን ልትሠራበት ነው?» አሉኝ።

«መጽሐፍ» አልኳቸው።

ሊፍቱ ፎቃችን ደረሰ። በሩ ሲከፈት «ና እስቲ፣ የማሳይህ አለ» አሉኝ። ከእሳቸው ጋር የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ የምጽፈው ጆሮዬ ውስጥ በአማርኛ እንደቀረው ነው።

ያሳዩኝ መጽሐፍ እንግሊዝ አገር ከአራት መቶ ዓመት በፊት ገደማ የታተመ የስብከት መጽሐፍ ነበር። ገበታዎቹ፣ ማለትም የፊትና የኋላ ሽፋኖቹ፣ እንጨት ናቸው፤ ልባሱ የጥጃ ቆዳ። የላይኛውን ገበታ ስገልጠው በውስጥ በኩል ሦስት ረድፍ አየሁ። በእያንዳንዱ ረድፍ አራት ቀይ መስመር፣ በመስመሮቹ ላይ ከምስር የማይበልጡ ጥቋቁር አራት ማዕዘኖች፤ አንዳንዶቹ ቀጭን ጭራ አላቸው። የድሮ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ምልክት ነው። ከቃሉ የተረፈችው አንዲት ክብ ፊደል ብቻ ናት። የቀረውን ብልና የጠራዥ ቢላዋ ተካፍለውታል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ አንብቤ ነበር። እንግሊዝ አገር የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ሲለወጥ የድሮዎቹ የዜማ መጻሕፍት ሥራ ፈቱ። ብራና ግን ጠንካራ ነው፤ አይጣልም። ጠራዦች እየቆራረጡ የሌላ መጽሐፍ ገበታ አለበሱበት፣ የላላ ጀርባ አጠነከሩበት። ሰዎች ለብዙ ዘመን ስብከቱን ሲያነቡ ስብከቱን አቅፎ የያዘው መዝሙር ነበር።

የጎረቤቴ ባል ከሦስት ዓመት በፊት ሞተዋል። መጽሐፉን ከአባታቸው ወርሰው፣ ጢማቸውን በተላጩ ቁጥር «ከዚያ ገበታ ላይ ያገኘሁት ነው» እያሉ አንድ ዜማ ያንጎራጉሩ ነበር። አርባ ዓመት።

«ሳሙናው ይሸተኛል» አሉኝ ሴትዮዋ። «ምላጩን ውሃው ውስጥ ሲያጥበው እሰማለሁ። ዜማው ግን ጠፋኝ። አምና እንኳ ነበረ፤ አሁን ስፈልገው የለም።»

ወሩ ሲያልቅ ልጃቸው ወዳለችበት ከተማ፣ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሊሄዱ ነው። መጽሐፉ ደግሞ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተሰጥቷል። «ከመለያየታችን በፊት አንድ ጊዜ ልስማው» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም።

ሦስት ቀን ከሥራ መልስ ቁጭ ብዬ ምልክቶቹን ወደ ደብተሬ ገለበጥኳቸው። አርባ አንድ ድምፅ ነው፤ በየረድፉ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ሁለት። አንድ ነገር ብቻ አላማረኝም፤ በተዋስኳቸው መጻሕፍት ውስጥ ጭራው ሁልጊዜ ከአራት ማዕዘኑ በስተቀኝ ነው፣ በዚህኛው ግን በስተግራ። ደብተሬ ላይ «ይህ ጸሐፊ ጭራውን በግራ ያደርጋል» ብዬ ጽፌ አለፍኩ። ድምፆቹን በስልኬ ላይ ባለ የፒያኖ አፕ አስገባኋቸው። እኔ ድምፅ የለኝም፤ ስለዚህ ድምፅ ያላቸውን ሁለት ሰዎች ለመንኩ።

መሪጌታ ፎቶውን ሲያዩ ተቆጡ። «የጸሎት መጽሐፍ ቆርጠው ለገበታ?» አሉ። ከዚያ ፎቶውን በጣታቸው አጎሉት። «የኔታም እንዲሁ አድርገውልኛል» አሉ በመጨረሻ። «የድጓዬ ጀርባ ሲላላ ከአሮጌ ብራና ቀደው ነው ያሰሩልኝ። ምን ተጽፎበት እንደነበር አልጠየቅኩም።»

ያ ቅዳሜ ሁዳዴና ረመዳን የተገጣጠሙበት ቅዳሜ ነበር። ጎረቤቴ ይህን አያውቁም፤ ሻይ በወተት ቀድተው በብስኩት አቀረቡ። መሪጌታ ስኒውን አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ንገራቸው እንጂ፣ ጾም ነው በል።»

«የኔንም ንገርልኝ» አለ ጓደኛዬ። «የኔ ውሃም የለበትም።»

«በደረቅ ጉሮሮ ልታዜም ነው?» አሉት መሪጌታ።

«ጉሮሮ እኮ የሚፈተነው ሲደርቅ ነው፣ መሪጌታ።»

ሴትዮዋ እንዳይከፋቸው ሦስቱንም ስኒ እኔ ጠጣሁ። መሪጌታ በእያንዳንዱ ስኒ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ስልኬን ከፍቼ አሰማኋቸው። መሪጌታ የመጀመሪያውን ረድፍ ሰምተው ሳይጨርሱ እጃቸውን አነሡ። «ዝጋው። ይሄ አይተነፍስም። ሰው የቱ ላይ ነው የሚተነፍሰው?» ወረቀቴን ወስደው ከአራት ማዕዘኖቹ በላይ በእርሳስ የራሳቸውን ምልክት አደረጉ፤ እዚህ ድፋት፣ እዚያ ርክርክ። «ቃሉስ?» አሉ።

«የቀረችው አንዲት ፊደል ናት። ኦ ትመስላለች።»

«በአንዲት ፊደል አርባ አንድ ድምፅ! ይሁን፤ እኛም ስንቱን በአንዲት ፊደል ስንጎትት ኖረናል።»

አንድ ጊዜ ሞከሩት። መሪጌታ ሲያዘግሙ ጓደኛዬ ቀድሟቸው ሄደ።

«መሪጌታ፣ አውቶብሱንም እንዲህ ነው የሚነዱት? ልጆቹ ሲደርሱ ትምህርቱ አያልቅም?»

«አንተ ደግሞ የመጋዘን ካርቶን አደረግከው። አትወርውረው፣ አስቀምጠው።»

ጎረቤቴ ቋንቋው ባይገባቸውም ሳቁ። ከዚያ ሁለቱ ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ውጭ በረዶ ይወርድ ነበር። ነፋስ ስላልነበረ ቀጥ ብሎ፣ ሳይቸኩል ይወርዳል። ከታች ባቡሩ ወደ ጣቢያው ሲገባ የመስኮቱ መስታወት በትንሹ ይንቀጠቀጣል። የመሪጌታ ድምፅ ከሥር ወለሉን ይዞ ሲሄድ የጓደኛዬ ከላይ እንደ ክር ይረዝማል። ለጥቂት ጊዜ ክፍሉ ከሕንፃው ተለይቶ ወደ ላይ የሚሄድ መሰለኝ፤ በረዶው እየወረደ ይሁን እኛ እየወጣን መለየት አቃተኝ። ያን ዜማ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማው ማን ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። ብራናው ሳይቆረጥ በፊት፣ ድንጋይ ቤት ውስጥ፣ ጣቱ በብርድ የደነዘዘ አንድ ሰው። እሱም እንደኛ መስኮት አጠገብ ቆሞ ይሆናል።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ ዞር ስል የጎረቤቴ ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር። ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው ተሰማ፤ ደካማ፣ ግን ከዜማው ያልወጣ። ሲያልቅ ወንበሩን በሁለት እጃቸው ጨብጠው «ይኸው» አሉ። «ይኸው፣ እሱ ነው።» ሦስት ጊዜ አስደገሙን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆሻሻ ሲጥሉ፣ ሊፍት ሲጠብቁ፣ በኮሪደሩ ውስጥ ያንጎራጉሩት ነበር።

ከአሥር ቀን በኋላ ማክሰኞ ዕለት ከኢስት ዮርክ የመጣ ዳዊት እጠግን ነበር። ባለቤቱ ገበታውን በውስጥ በኩል በአማርኛ ጋዜጣ ለብጦታል። በእንፋሎት አርጥቤ ጋዜጣውን ቀስ ብዬ ሳነሳው ቀለሙ ሙጫው ላይ ቀረ። ፊደሎቹ ሁሉ በመስታወት እንደሚታዩ ተገልብጠው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ።

እጄ ላይ ያለውን ማጣበቂያ ጠረግኩ። ከዚያ የእንግሊዙን ገበታ ፎቶ አውጥቼ አጎላሁት። ብራና የለም። አንድ ሰው ከብዙ ዘመን በፊት ብራናውን ልጦ ወስዶታል፤ ገበታው ላይ የቀረው ቀለሙ ብቻ ነው፣ ተገልብጦ። ጭራዎቹ በግራ የሆኑት ለዚህ ነው። ክቧ ፊደል ደግሞ ከየትም ቢያዩዋት ክብ ስለሆነች አላስጠረጠረችኝም። የድምፆቹ ከፍታ አልተለወጠም፤ እያንዳንዱን ረድፍ ግን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አስዘምሬያለሁ።

የፈራሁት ለመዝሙሩ አልነበረም። ያ ዜማ ስህተት ከሆነ ጎረቤቴ «እሱ ነው» ያሉት የባላቸው አይደለም ማለት ነው። የጠፋባቸውን እንዲያገኙ ልረዳቸው ገብቼ፣ በባዶው ቦታ ላይ ሌላ ነገር ተክዬበት ነበር። ሊሄዱም አራት ቀን ቀርቷቸዋል።

ለመሪጌታ ደወልኩ። «ዜማ ቤት ተሳስቶ ያስጠና ያስጠናውን ያስጥላል» አሉኝ። «ሄደህ አቅናላቸው።»

ጓደኛዬን ኮል አደረግኩት። «አቦ ተዋቸው! ደስ ብሏቸው ሊሄዱ ነው። አሁን አንተ መስታወት ምናምን እያልክ ልታስለቅሳቸው ነው?»

በማግስቱ ሄድኩ። ቤቱ በካርቶን ተሞልቷል፤ አረንጓዴው ወንበር ብቻ በቦታው ነው። ምንም ሳላስረዳ «አንድ ነገር ላሰማዎት» አልኩና ትክክለኛውን፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ በማያምረው ድምፄ አዜምኩት። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«አይ» አሉ። «ይሄ የሱ አይደለም።»

የቅዳሜውን አዜምኩት።

«ይሄ ነው። ምነው፣ ምን ሆነሃል? ፊትህ ገርጥቷል።»

ነገርኳቸው። የገበታውን ፎቶ መታጠቢያ ቤት ወስጄ በመስታወት አሳየኋቸው፤ ባላቸው ይላጩበት በነበረው መስታወት። ጭራዎቹ ወደ ቀኝ ዞሩ። ጎረቤቴ ወደ መስታወቱ ቀረብ ብለው አዩት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፣ ሳቅ ነበር።

«ስለዚህ እሱም ገልብጦ ነው ያነበበው! አርባ ዓመት ሙሉ! ስህተት አይወድም ነበር እኮ፤ የሻይ ማንኪያዬ ከስኒው በየት በኩል መቀመጥ እንዳለበት ያርመኝ ነበር። በዚሁ መስታወት ፊት ቆሞ!»

እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ውሃ አመጣሁላቸው። እኔ ግን ቶሎ አልሳቅኩም። በትክክል አንብቤው ቢሆን ኖሮ «አይደለም» ይሉኝና ባዶ እጃቸውን ይሄዱ ነበር።

ለቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች በቀጭን ወረቀት ማስታወሻ ጽፌ መጽሐፉ ውስጥ አስገባሁ፤ «ይህ ከተነሳ ብራና የቀረ የቀለም አሻራ ነው፤ በመስታወት ይነበብ» የሚል። ጎረቤቴ አንብበው እስክሪብቶ ጠየቁኝና ከሥሩ ጨመሩበት፤ «ባለቤቴ ግን እንዲህ አልዘመረውም።» ቅዳሜ ጠዋት ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው።

አንድ ነገር ግን አይለቀኝም። እኔ ላሰማቸው በሄድኩ ጊዜ ጎረቤቴ የእኛን ዜማ ከአሥር ቀን በላይ ሲያንጎራጉሩት ከርመዋል። «ይሄ የሱ አይደለም» ያሉት ባላቸውን አስታውሰው ነው ወይስ የእኛን ለምደው? ይህን የሚፈርደው ያ የመጀመሪያው ቅዳሜ ብቻ ነው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ የሁለቱን ዘማሪዎች ድምፅ ቀድሞ ነበር ወይስ ተከትሎ? ቀድሞ ከነበረ ዜማው ከውስጣቸው ነው የወጣው። እኔ ሲጀምሩ ዓይኔ በረዶው ላይ ነበር። መሪጌታ በስልክ «ቀደሙን» ይላሉ፤ ጓደኛዬ «በአንድ ትንፋሽ ወደ ኋላ ነበሩ» ይላል።

ስለዚህ ይህን ጽፌ ለሦስታችሁ ልኬያለሁ፤ ለጎረቤቴ በእንግሊዝኛ። መሪጌታ፣ እርስዎ ከወንበሩ በስተቀኝ ነበሩ፤ ያዩትን እንጂ የሚያምኑትን አይጻፉልኝ። ወንድሜ፣ አንተ በሩ ጋ ነበርክ፤ ከዚያ ፊታቸው በሙሉ ይታይህ ነበር ወይስ መስኮቱ ያበራብህ ነበር? ጎረቤቴ፣ እርስዎም ካስታወሱ፤ ከሁለተኛው ረድፍ አሥራ አምስት ድምፆች በስንተኛው ላይ ነው ዜማው የመጣልዎ? ከጎን ባዶ ቦታ ትቻለሁ። ያልኩት ስህተት ከሆነ ሰርዙት፤ የረሳሁትን ጨምሩበት።