ጓንት የማስጮህ ሙያ

ኦዳጊሪ ሳን በቤዝቦል ኳስ ቀላቢነት ሃያ ሁለት ዓመት ደመወዝ ሲበሉ፣ ተመልካች ፊት የቀለቡት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያም ጨዋታ ገና ሳይጋመስ ዝናብ አቋርጦት ከመዝገብ ተሰረዘ።

በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ሲቀጠሩ የመንደራቸው ዓሣ አጥማጆች ባንዲራ ይዘው ሸኝተዋቸዋል። ኳስ መምቻው ዱላ ግን አልታዘዝ አላቸው። በሃያ አራት ዓመታቸው ማልያቸውን ለሌላ አስረክበው ወደ ወርዋሪዎች ማሟሟቂያ ሜዳ ወረዱ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራቸው ወርዋሪዎች ለልምምድ የሚወረውሩትን ኳስ ቁጢጥ ብሎ መቀበል ሆነ። ወጣቶቹ ወርዋሪዎች «ግድግዳው» ይሏቸዋል። እሳቸውም ይስቃሉ።

እኛ ዘንድ የማሟሟቂያ ቀላቢ ጓንቱን ማስጮህ አለበት። ኳሱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ባለው የጓንቱ ኪስ ከተቀበሉት ጧ ይላል። በመዳፍ ከተቀበሉት ግን ዱብ ብሎ ይቀራል፣ እጅም ያሳብጣል። ያንን ጧ የሚል ድምፅ የሰማ ወርዋሪ ልቡ ይሞላል። በዚህ ሙያ ኦዳጊሪ ሳንን የሚያክል አላየሁም። ጓንታቸውን በዘይት አሽተው ትራሳቸው ሥር አድርገው ይተኛሉ፤ ሚስታቸው «በእንቅልፍ ልቡም ሲቀልብ ያድራል» እያሉ ያሟቸዋል።

እኔ ካጂታኒ ወርዋሪ ነበርኩ። ትከሻዬ ተቀድዶ ከተሰፋ በኋላ፣ በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ በየካቲት፣ በሚያዛኪ የባሕር ዳርቻ ልምምድ ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከባሕሩ ተነስቶ በጥዶቹ መካከል ይገባና ኦዳጊሪ ሳንን ይሸፍንብኛል። ኳሱን ወደ ነጭ ነገር እወረውራለሁ፤ ከነጩ ውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ይመለስልኛል። ክንዴ የኔ አይመስለኝም፤ እግሬም መሬት የነካ አይመስለኝም። ሃያ ዓመቴ ተመልሶ ጉሙ ውስጥ የቆመ ይመስለኝ ነበር።

ዋናው አሰልጣኝ ሙናካታ የድሮ ሰው ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶ በጆሮው ብቻ ይዳኛል። «እሁድ ጨዋታ ትገባለህ» አለኝ። እሁድ ገባሁ፤ መቺዎቹም ኳሴን እንደ ልባቸው ጠለዙት። ሙናካታ ግን ድምፁ ደህና ነው፣ የሚመጣው እሁድ ይደገም አለ። ሐኪሙ ደግሞ ካስገደድከው ይህ ክንድ ዳግመኛ አይነሳም ብሎኛል። ጨነቀኝ። ማታ ኦዳጊሪ ሳን ጓንታቸውን ሲያሹ አገኘኋቸው።

«ኦዳጊሪ ሳን፣ ኳሴ ነው የሚጮኸው ወይስ እርስዎ ነዎት የሚያስጮሁት?»

ማሸታቸውን ሳያቋርጡ፣ «ነገ ወርውርና ስማው» አሉኝ።

በማግስቱ የመጀመሪያው ኳስ ዱብ አለ። ሁለተኛውም ዱብ። ሲያስጮሁት የነበሩት እሳቸው እንደሆኑ ገባኝ፤ ግን ተናደድኩና አበርትቼ ወረወርኩ። ሃያውንም ኳስ በመዳፋቸው ተቀበሉት። ከጎናችን የሚለማመዱት ቆመው ያዩን ጀመር። ሙናካታ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አዞረ።

«ኦዳጊሪ፣ እጅህ አረጀ እንዴ?»

«አዎ፣ አርጅቷል» አሉ።

ድምፅ የሌለው ቀላቢ ወዲያው እንደሚሰናበት ሁላችንም እናውቃለን። ዝም ብል ከሰዓት ሌላ ቀላቢ ፊቴ ይቀመጣል፣ እሁዴም ይጸናልኛል። እውነቱን ልናገር፣ ጥቂት ዝም ብያለሁ። እስከ ዛሬ የማፍረው በዚያች ጥቂት ነው።

«እጃቸው አላረጀም» አልኩ በመጨረሻ። «የሞተው ኳሴ ነው። እስከ ዛሬ ሸፍነውልኝ ነው።»

ሙናካታ ቆቡን አውልቆ መልሶ አደረገና ሄደ። ከሰዓት በኋላ ስሜ ከቡድኑ የስም ዝርዝር ተሰረዘ፤ የኦዳጊሪ ሳን ግን እዚያው ቀረ።

እራት ላይ ግራ እጃቸው አብጦ የሩዝ ጎድጓዳ ሳህናቸውን ማንሳት አቃታቸው። እኔ በወረወርኩበት ክንዴ ያዝኩላቸው። እሱም ከደረቴ በላይ አልነሳም ስላለ ዝቅ አድርጌ ነበር የያዝኩት። እሳቸው ጎንበስ ብለው በሉ።